«ምንም የለባትም» ያልኩላት መኪና

ይህን ነገር ዓመታት ሙሉ ለማንም ትንፍሽ ሳልል ኖሬያለሁ። ለእናቴ አልነገርኩም። ለሚስቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ዘንድሮ ሁለት ሰዎች ሰምተውታል፤ እነሱም ቢሆኑ የሰሙት ልቤ ቀና ሆኖ ሳይሆን መተንፈሻ ሳጣ ነው። ከሥሩ ጀምሮ፣ ሳልቀንስና ሳላሳምር፣ ለማንም ተናግሬው ግን አላውቅም።

«ለንስሐ አባትህ ያልተናገርከውን ለእኛ ምን አመጣኸው?» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ነገር ግን የንስሐ አባቴ መምሬ ታደሰ ናቸው። መምሬ ታደሰ ደግሞ በዚያ ቀን በደብራችን ቅጽር ውስጥ፣ በሕዝብ ፊት፣ «ሰገደች!» ያሉት ሰው ናቸው። እሳቸው ፊት ተንበርክኬ «አባቴ፣ ያኔ ያዩት ተአምር የእኔ የተበላሸ ሥራ ነበር» ማለት እንዴት ይቻለኛል? ሞክሬያለሁ። ጾም መግደፌን ተናዘዝኩ፣ መስከሬን ተናዘዝኩ፣ ሰው መስደቤን ተናዘዝኩ። ትንንሹን ሁሉ እየለቀምኩ አስረከብኩና ትልቁን ዋጥኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ የእኔ ሆድ ያውቅ ነበር።

መካኒክ ነኝ። ላሊበላ ከተማ መውጫ ላይ በቆርቆሮ የታጠረች ጋራዥ አለችኝ። ጎበዝ ነኝ ብዬ አልኩራራም፣ ደንቆሮም አይደለሁም። ይህን የምለው ሳላውቅ እንዳጠፋሁ አድርጋችሁ እንዳትረዱልኝ ነው። አውቄ ነው ያደረግሁት።

ጋሼ ሲሳይ ሹፌር ነበር። በዕድሜ ብዙ ስለሚበልጠኝ አንቱ ልለው ስሞክር «አንቱታህን ለቄሶቹ አስቀምጥ፣ እኔን ጎማ አቀብለኝ» እያለ ይቆጣኛል። ቱሪስት በነበረበት ጊዜ እንግዳ ያመላልስ ነበር፤ እንግዳ ሲጠፋ የገጠር ሰው ማመላለስ ጀመረ። መኪናዋን የገዛት ሥራውን ጨርሶ ከአካባቢው ከወጣ አንድ ፕሮጀክት ላይ ነው። ያረጀች፣ በአራቱም ጎማዋ የምትስብ፣ ሞተሯ ጤነኛ የሆነ መኪና ናት። አንድ አመል ግን ነበራት። እንደ ሌሎቹ በብረት ሞላ ላይ አትቆምም። ከየጎማዋ በላይ አየር የሚሞላ የላስቲክ ከረጢት አላት፤ እኛ ባሎን እንለዋለን። ኮምፕሬሰሯ አየሩን ይነፋል፣ ቀጫጭን ቱቦዎች ያደርሱታል፣ እሷም በአየር ላይ ተቀምጣ ትሄዳለች። ለአስፋልት አገር ድሎት ነው። ለላስታ ኮረኮንች ግን ራስ ምታት ነው።

ስለ ጋሼ ሲሳይ ሌላ ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ፤ እሱን ካላወቃችሁ ጥፋቴ ግማሽ ሆኖ ይታያችኋል። ሚስቱ እትዬ አስካለ ቀድሞ አዱኛ የሚባል ጓደኛው ሚስት ነበረች። ጋሼ ሲሳይ በአዱኛ ሠርግ ላይ አንደኛ ሚዜ ነበር። በእኛ አገር ሚዜ ማለት ወንድም ማለት ነው፤ ሙሽራዋም ለሚዜው እህት ናት። አዱኛ ታሞ ሞተ። ከዓመታት በኋላ ሚዜው መበለቷን አገባት። ሕግ አልከለከለውም፣ ሰው ግን አልወደደለትም። ፊት ለፊት ማንም ምንም አላለውም፤ እኛ ፊት ለፊት መናገር አናውቅበትም። ድግስ ሲኖር ጥሪው ይረሳል፣ ማኅበር ሲኖር ጽዋው ዘግይቶ ይደርሰዋል። ሁለቱ ግን ይዋደዱ ነበር። ጋራዥ ሲመጣ ምሳውን በሳህን ቋጥራ ትከተለዋለች፣ እሱም «ይቺ ሴት መኪናዬን ከእኔ ይልቅ ታምናታለች፤ እኔ ግን እሷ ካልያዘችልኝ ምሳ የምበላ አይመስላትም» እያለ ይስቅባታል።

የታኅሣሥ ገብርኤል ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት መጣ። የመኪናዋ ግራ ትከሻ አድሮ ይወርዳል፤ ጠዋት ሲያስነሣት ተንፏቅቃ ትነሣለች። ዳሽቦርዷ ላይም መብራት ይበራል። ወልድያ ወስዶ አሳይቷት ነበርና «ባሎኑን አውጥታችሁ የብረት ሞላ ግጠሙላት» ተብሎ ተመልሷል። «እኔ ግን አልኳቸው፣ ደምሴ ይችላታል» አለኝ። ይቺ ቃል እንዴት እንደጣፈጠችኝ! አሁንም ድረስ ትጣፍጠኛለች፣ የሚያስጠላውም ይኸው ነው።

መጀመሪያ የሠራሁት በደንብ ነው። ኮምፕሬሰሩን አዳመጥኩት፤ አሁንም አሁንም ይነሣል። እፎይ ሳይል የሚሠራ ኮምፕሬሰር ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሱ አይደለም፣ አየሩን የሚያባክንበት ሌላ አለ ማለት ነው። ሳሙና በጥብጬ ባሎኑን በአረፋ አለበስኩት። እጥፋቱን ሁሉ አየሁ፣ አልነፋም። ቱቦውን በእጄ እየዳበስኩ ወደ ኋላ ተከተልኩት። ከፓራፋንጎው፣ ከጎማው በላይ ካለው ቆርቆሮ፣ ጀርባ ከብረት ጋር እየተፋተገ የሳሳበት ቦታ ላይ ስደርስ አረፋው እንደ ተልባ ፈላ። አገኘሁት። በዚያች ሰዓት ከእኔ በላይ ደስተኛ አልነበረም።

መድኃኒቱ ቱቦውን በሙሉ መቀየር ነው። እንደዚያ ያለ ቱቦ ላሊበላ የለም። አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሹፌር ናሙናውን ሰጥቼ እንዲያመጣልኝ አደራ አልኩ። ለጋሼ ሲሳይም «እስኪመጣ ትቁም» ማለት ነበረብኝ። «ለገብርኤል ካህናቱንና ከበሮውን የምታደርሰው እሷ ናት፣ ቃል ገብቻለሁ» ሲለኝ መቁረጫዬን አነሣሁ። የሳሳውን ቆርጬ በነዳጅ ጎማ፣ ማለት ነዳጅ በሚያልፍበት የላስቲክ ቱቦ፣ ቀጠልኩት፤ በሁለት በኩልም በፋሸታ፣ በብረት ማጥበቂያ፣ አሠርኩት። የነዳጅ ጎማ ያንን የአየር ግፊት ለመሸከም አልተሠራም። ይህን አውቅ ነበር። «ለጊዜው ነው» አላልኩትም። «ጨርሻለሁ» አልኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ አፈሰስኩ፣ የለቀመው ግን ሌላ ሰው ነው።

የገብርኤል ዕለት መኪናዋ ካህናቱን አራግፋ በቅጽሩ ውስጥ ከጽድ ዛፉ ሥር ቆመች። ቅዳሴው ረዘመ። ሕዝቡ ሜዳውን ሞላ፣ ታቦቱ ወጣ፣ እልልታው ቀለጠ። ታቦቱ ዞሮ ዞሮ ጽዱ አጠገብ ሲደርስ ቆመ፤ መዘምራኑም ሊያሸበሽቡ ተሰለፉ። በዚያች መሐል የመኪናዋ ግራ ትከሻ ዝቅ አለ። እንዲህ ያለች መኪና አንዱ ጎኗ ሲወርድ ራሷን ለማስተካከል ስትል ሌላውንም ታወርዳለች። ቀኝ ትከሻዋም ቀስ ብሎ ተከተለ። በፊቷ ዝቅ ብላ ኮፋኖዋን ወደ ታቦቱ አቀረበች።

መጀመሪያ ያየችው አንዲት አሮጊት ናት፤ ጮኸች። ከዚያ ሁሉም ዞሮ አየ። መምሬ ታደሰ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው «ሰገደች!» አሉ። «ግዑዟ ሰገደች! እናንተ እግር ያላችሁ ምን ትጠብቃላችሁ?» ሜዳው ሁሉ እንደ አንድ ሰው መሬት ወደቀ።

እኔም ወደቅሁ። ግንባሬ አፈር ነክቶ በልቤ ፋሸታውን እያሰብኩ ነበር።

መምሬ ግን ዝም ብሎ የሚያምን ሰው አይደሉም፤ ይህን እንድታውቁላቸው እፈልጋለሁ። ሕዝቡ ሲነሣ በዓይናቸው ፈልገው አገኙኝና በእጃቸው ጠሩኝ። «ደምሴ፣ ይቺ መኪና ያንተ እጅ ያለፈባት ናት። ሕመም ይኖርባት ይሆን? በእግዚአብሔር ቤት ቆመሃልና እውነቱን ንገረኝ» አሉኝ።

«ምንም የለባትም፣ አባቴ» አልኩ።

ይኸው ነው። ጥፋቴ ይህ ነው። ምንም የለባትም አልኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይሉት ለእኔ አይሆንም፤ አላመለጠኝም። አስቤበት ነው ያልኩት። እውነቱን ብናገር የገብርኤልን በዓል በሥራዬ ያበላሸሁት ሰው እባላለሁ። «ደምሴ ይችላታል» የተባልኩት ሰው በነዳጅ ጎማ መቀጠሌ ይወራል። ውሸቱን ብናገር ደግሞ ማንም አይጎዳም። እንዲያ ነበር ያሰብኩት። ማንም አይጎዳም!

ከዚያ የጋሼ ሲሳይን ፊት አየሁ። ከመኪናዋ አጠገብ ቆሞ እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር። እትዬ አስካለ ከሴቶቹ መሐል ነበረች። ያን ቀን እነዚያ ጽዋ የሚያዘገዩባት ሴቶች ተራ በተራ መጥተው ሳሟት። ገባችሁ? ሰው ሁሉ ከጀርባ የሚያማው ትዳር በመኪናይቱ ስግደት ተቀባይነት አገኘ። እግዚአብሔር ንብረታቸውን ከባረከ ማን ይፈርድባቸዋል? በማግስቱ ምሳውን ይዛ ስትመጣ አንገቷ ቀና ብሎ ነበር። እኔም ለራሴ ምክንያት አገኘሁ፤ ደስታቸውን ለምን እነጥቃለሁ አልኩ። ውሸቴን እንደ ጽድቅ ቆጠርኩት።

ምክንያቴ ግን ያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እንዲህ ባልተቃጠልኩ። ወሬው ብልባላ ደረሰ፣ ጋሸና ደረሰ። የጭነት መኪና ሹፌሮች ጋሸና ምግብ ቤት ውስጥ ያወሩት ጀመር። ጋራዤ «የሰጋጇ መኪና ጋራዥ» ተባለች። ሰው መኪናውን በእጄ ሊያስባርክ የሚመጣ ይመስል ይጎርፍ ነበር። እኔም ደስ አለኝ። ቱቦው ከአዲስ አበባ ሲመጣ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ብገጥመው ስግደቱ ይቀራላ! ወር አለፈ፣ ክረምቱም አለፈ፣ ቱቦው አቧራ ጠጣ። መኪናዋ በየክብረ በዓሉ ትሰግዳለች፣ እኔ ከሕዝቡ ጋር ግንባሬን መሬት አስነካለሁ።

አሁን የሚከብደኝን ልንገራችሁ። በእኛ ሥራ ማንም የሚያውቀው ሕግ አለ፤ በአየር የምትቆም መኪና ሥር ያለ ድጋፍ አይገባም። ክሪክ ብቻ አይበቃም፣ ጠንካራ እንጨት ወይም ድንጋይ መደገፍ ያስፈልጋል። አየር ነው፣ ከሄደ ሄደ። ይህን ለጋሼ ሲሳይ አልነገርኩትም። ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ! «ሥሯ እንዳትገባ» ብለው «ለምን? ምንም የለባትም አላልክም?» ይለኛል። እንዳይጠይቀኝ ብዬ አላስጠነቀቅሁትም። አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። አንዲት ዓረፍተ ነገር ከለከልኩት።

ከብልባላ ገበያ ሰው ጭኖ ሲመለስ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ተፈትቶ ይንኳኳበታል። ቆሞ፣ ሽቦ ይዞ ሥሯ ይገባል። አብረውት የነበሩት እንደነገሩኝ አንዱ ገበሬ «ድንጋይ እንደግፍላት እንዴ?» ብሎት ነበር። «ተዋት፣ መካኒኳ አይቷታል» አለው አሉ። የነዳጅ ጎማው ከፋሸታው ሾልኮ ወጣ። እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ቀስ ብላ አልወረደችም፤ ባንድ ጊዜ ተቀመጠች። ሰውነቱን መንገዱ ላይ የነበረች ጉድጓድ አተረፈችለት። ቀኝ እጁን ግን አላተረፈችውም። ተሳፋሪዎቹ ተረዳድተው በአጠና አንሥተው አወጡት። ሆስፒታል ሲደርስ እጁ ከክርኑ በታች ተቆረጠ።

የሹፌር ቀኝ እጅ።

መኪናዋ በጭነት መኪና ተጎትታ ወደ እኔ መጣች። ወደ ማን ትሂድ ታዲያ? የጋራዤን በር ዘግቼ ብቻዬን ከፈትኳት። የነዳጅ ጎማው ተንጠልጥሎ ነበር። ፈታሁት፣ ቆራረጥኩት፣ ከቃጫ ጋር አቃጠልኩት። ከዚያ ያን አቧራ የጠጣ ቱቦ ከመደርደሪያው አውርጄ ገጠምኩት። ቆርጬ፣ ጫፉን አስተካክዬ፣ ከብረቱ እንዳይፋተግ አድርጌ፣ በሳሙና ፈትሼ። አንዲት አረፋ አላወጣም። በሕይወቴ እንደዚያ አጥርቼ የሠራሁት ሥራ የለም። ማስረጃ ያጠፋሁበት ሥራ ነው ከሥራዎቼ ሁሉ የሚያምረው።

ማስረጃውን ሳጠፋ ነገሩንም ያጠፋሁ መስሎኝ ነበር። ምን እንደሚከተል አላሰብኩም። በተከታዩ የታኅሣሥ ገብርኤል ሌላ ሹፌር ካህናቱን በዚያችው መኪና አመጣ። ጽዱ ሥር ቆመች። ታቦቱ ወጣ፣ ዞረ፣ ፊቷ ቆመ። ሕዝቡ ሁሉ ከታቦቱ ይልቅ እሷን ያይ ነበር። አልሰገደችም። አንድ ጣት ዝቅ ሳትል ቀጥ ብላ ቆመች።

«ጸጋዋ ተገፈፈ» አለ አንዱ። ሌላው «እጁንስ በከንቱ አልወሰደበትም» አለ። ሦስተኛው ሁሉም የሚያስበውን ተናገረ፦ «የሚዜውን ሚስት አግብቶ ምን ሊሆን ኖሯል?»

ጋሼ ሲሳይ የእጁ ቁስል ገና አልጠገገም ነበር፤ ጋቢውን ተከናንቦ እዚያው ቆሞ ሰማ። እኔም ቆሜ ሰማሁ። ከእሱ አሥር እርምጃ አልራቅሁም። በዚያች ሰዓት «ቱቦውን ቀይሬው ነው!» ብዬ ብጮህ ሁሉም ነገር ይቆም ነበር። ዝም አልኩ። ስለ መጀመሪያው ውሸት ማንም አይጎዳም ብዬ ነበር፣ ሰው ያወድሰኝ ነበር እያልኩ ላመካኝ እችላለሁ። ስለዚህኛው ዝምታ ግን ምን እላለሁ? እጁ የሌለውን ሰው እያየሁ ነው ዝም ያልኩት።

ጋሼ ሲሳይ አመነ። ሌላ ምን ያድርግ? እግዚአብሔር በመኪናዋ ተቀብሎት ከነበረ በመኪናዋ ጣለው ማለት ነው። ኃጢአቱን ፈልጎ አላጣውም፤ አገሩ ሁሉ ሲጠቁመው ኖሯል። ሁዳዴ ሳይገባ እትዬ አስካለን ወደ ወገኖቿ ወደ ኩልመስክ ሰደዳት። አልደበደባትም፣ አልሰደባትም። እያለቀሰ ዕቃዋን በአንድ እጁ አስጫነላት።

ከመሄዷ በፊት ጋራዥ መጣች። ሳህን አልያዘችም። በሩ ላይ ቆማ «ደምሴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ። «አንተ ከነካሃት በኋላ ነው መስገድ የተወችው። ምን አደረግሃት?»

ከዚያ ሁሉ ሊቅና ቄስ፣ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ፣ ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀች እሷ ብቻ ነች።

«ምንም አላደረግኋትም» አልኳት።

ቆማ አየችኝ። ዓይኔን ወደ ካቻቢቴው መለስኩ። «ይሁን» ብላ ሄደች። ያን ቀን ያመነችኝ መስሎኝ ነበር።

ዓመታት አለፉ። ጋሼ ሲሳይ መኪናዋን ሸጠ፣ ከሰው ራቀ፣ የደብሩ ደጅ ጠኚ ሆነ። በአንድ እጁ እየተደገፈ ሲሰግድ አያለሁ፤ ሲነሣ ይንገዳገዳል። እኔ አጠገቡ አልቆምም፣ ከምሰሶ ጀርባ ነው የምቆመው። ዘንድሮ ደግሞ ሊመነኩስ ነው ተባለ። ከፋሲካ በኋላ ገዳም ገብቶ ቆብ ይደፋል። ሰው ከዓለም ሲለይ ያስቀየመውን ሁሉ ይቅርታ ይጠይቃልና በቅበላ ሰሞን ቤት ለቤት መዞር ጀመረ። ወደ እኔም መጣ።

እየሠራሁ ነበር፣ እጄ ግሪስ ነው። ገብቶ ጋቢውን አደግድጎ እግሬ ላይ ወደቀ። እኔ እግር ላይ! «ደምሴ፣ በኔ ኃጢአት ስምህ ጠፋ። የሠራሃትን መኪና አረከስኩብህ። አንዳንዱ ደምሴ ባይችላት ነው ብሎ ሲያማህ ሰምቼ ዝም ብያለሁ። ይቅር በለኝ» አለኝ።

እኔ ምን እንዳልኩት ታውቃላችሁ?

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩት። አነሣሁት። ይቅር አልኩት። እጁን ያስቆረጥኩት፣ ትዳሩን ያፈረስኩት እኔ ይቅር አልኩት። መረቀኝና ቀለል ብሎት ወጣ። ግሪስ የነካው የጋቢው ትከሻ ላይ የጣቶቼ ምልክት ቀርቶ ነበር።

ያን ሳምንት የቀረበልኝን ገበታ እየተውኩ ተነሣሁ። ሚስቴ አመመህ ወይ ብትለኝ ተቆጣኋት። በመጨረሻ ኩልመስክ በሚሄድ መኪና ተሳፈርኩ። ለምን መጀመሪያ ወደ እሷ? ፈሪ ስለሆንኩ ነው። እሷ ደስ ብሏት ወደ እሱ ትሮጣለች፣ እሷ ትነግርልኛለች ብዬ ነው። ኑዛዜዬን እንኳ በሰው ጀርባ ላስጭን ነበር።

እትዬ አስካለን የወንድሟ አውድማ ላይ ገብስ በላይዳ እያዘራች አገኘኋት። ፀጉሯ ሸብቷል። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጎማውን፣ ፋሸታውን፣ ቱቦውን፣ በእሷ ፊት የዋሸሁትን። ላይዳዋን ሳታስቀምጥ ሰማችኝ።

«እኔማ መቼ አምኜህ» አለች። «ያን ቀን ዓይንህን ስትሰብር አውቄያለሁ። እሱን ብዬው ነበር፤ ይኼ ልጅ የደበቀው አለ ብዬው ነበር። ከኔ ይልቅ ያንተን ቃል አመነ።»

«አሁን እውነቱን እነግረዋለሁ። ይመልስሻል» አልኳት።

ሳቀች። መራራ ሳቅ ነው። «እኔን መኪና አላባረረችኝም፣ ደምሴ። አልመለስም። አንተ ግን ሄደህ ንገረው። ለኔ ብለህ አይደለም። ያ ሰው እግዜር የጠላው እየመሰለው ገዳም እንዳይገባ ንገረው።»

በማግስቱ ነገርኩት። ቤቱ ደጃፍ ላይ ካለች ድንጋይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ተቀመጥ አለኝ፤ አልተቀመጥኩም። ስጨርስ ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢመታኝ በወደድኩ። ከዚያ ስለ እጁ የሚጠይቀኝ መስሎኝ ነበር፤ ስለ እጁ ምንም አላለም።

«አስካለ ሰምታለች?»

«ሰምታለች።»

«ምን አለች?»

እዚህ ላይም አንድ ውሸት ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር፤ የሚያጽናና፣ ለስላሳ ውሸት። አመሌ ነው። ዋጥኩት። «አልመለስም ብላለች» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። እንባው ወረደ፣ አልጠረገውም። እኔም መሬት ወድቄ «ጋሼ፣ ይቅር በለኝ፣ ስለ ገብርኤል ብለህ ይቅር በለኝ» አልኩት። ኩልመስክ የሄድኩት፣ እዚያ ደጃፍ የቆምኩት ሁሉ «ይቅር ብዬሃለሁ» የምትል ቃል ከዚያ ሰው አፍ ለመስማት ነበር።

አየኝ። በቁጣ አይደለም፤ እንደ ደከመው ሰው ነው ያየኝ።

«ይቅርታውን እግዚአብሔር ያውቃል» አለኝ። «እኔ እግርህ ላይ ወድቄ ነበር፤ ይቅር ብለኸኝ መርቄህ ወጥቻለሁ። መጀመሪያ ያን የወሰድክብኝን ይቅርታ መልስልኝ።»

እንዴት እንደሚመለስ አላውቅም። ቆብ ይድፋ አይድፋ እስካሁን አልሰማሁም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዚያው ቅጽር፣ በመምሬ ታደሰና በሕዝቡ ፊት ቆሜ እናገረዋለሁ። ያን ማድረጌ የወሰድኩትን ይመልስለታል ብዬ ግን አልዋሽም። እናንተም ይህን ያነበባችሁ፣ እግዚአብሔር ይፍታህ አትበሉኝ። በእጄ ያለው ይቅርታ የሌላ ሰው ነው።